በግራህ ተቀምጬ ነበር

ለአሴ፣ ለቤቴ ጌታ፤

ከተለያየን ዓመት ሊሞላው ነው። አንተ ስትሄድ ቡናው አበባውን ገና ማራገፉ ነበር። ያ አበባ ፍሬ ሆኖ፣ ቀልቶ ተለቀመ፣ ደርቆ ተጭኖ ሄደ፤ ዘንድሮም ዛፉ አንተን ሳይጠብቅ እንደገና አበበ።

እውነቱን ልንገርህና ላንተ የመጻፍ ሐሳብ አልነበረኝም። አኩርፌህ ነበር። ሰው የሞተን ሰው ያኮርፋል ወይ ትለኝ ይሆናል፤ ያኮርፋል። አርባህ ሲወጣ ሰው ሁሉ እያለቀሰ እኔ ጥርሴን ነክሼ ወጥ ሳማስል የዋልኩት ለዚህ ነው። መቃብርህ ጋ ስመጣም ሻማ አብርቼ፣ ሣሩን ነቅዬ፣ ስምህን ሳልጠራ እመለስ ነበር። ባሌ አኩርፎኝ ሞተ፣ ያውም ሽማግሌ ፊት አዋርዶኝ ሞተ ብዬ ነበር የማምነው። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ነገር ሰማሁ። ከሰማሁት ጀምሮ እህል በወጉ አልቀመስኩም፤ ሱቅ ከፍቼ ኮረሪማ ለጠየቀኝ ቁንዶ በርበሬ እሰፍራለሁ።

ከመሀል የተጀመረ ወሬ እንደማትወድ ስለማውቅ መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሰሊ ጅማ ትምህርቷን ጨርሳ ቴፒ ሥራ ይዛለች፤ የምትኖረው እህትህ እትዬ ዘነቡ ጋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ሚዛን ትመጣለች፤ እንዳንተ ጫማዋን በር መሀል ጥላ ትገባለች፣ እኔም እንዳንተ እጮህባታለሁ። ወደ ቴፒ መውጫ ያለውን የቡና ማድረቂያህን የያዘው ሠራተኛህ ታሪኩ ነው። ታሪኩ ያው ታሪኩ ነው፤ እጁም አፉም አያርፍም። ጓሮ ያለው አቮካዶም አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቷል። አዎ፣ ያ የተጣላንበት አቮካዶ። ቆርጠሽ ገደልሽው ያልከኝ ዛፍ ዘንድሮ ጎረቤቱን ሁሉ አጥግቧል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ሰሊ ከቴፒ ደወለችልኝ፤ እያለቀሰች ነው። እትዬ ዘነቡ ፊታቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ ባሉበት ጆጉ ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። አክስቴ ምን ሆንሽ ስትላቸው እ… እ… ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። ጎረቤቱ ገና ከበር ሲያያቸው ስትሮክ ነው አለ። ወደ ሚዛን ያመጣቸው የሚኒባስ ሹፌር ስትሮክ ነው አለ። እኔ በር ላይ ስቀበላቸው የሆስፒታሉ ጥበቃ እንኳ ስትሮክ መጣ፣ መንገድ ልቀቁ ብሎ በሩን በሰፊው ከፈተልን። አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከሰለለ፣ ምላስ ከተሳሰረ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም የማውቀው ስትሮክ ይሄንኑ ብቻ ነበር።

እህትህ ደህና ናቸው፣ አትደንግጥ። ቶሎ መድረሳቸው በጃቸው። እጃቸው ትንሽ ትንሽ መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ ቃልም እየለቀሙ ማውጣት ይዘዋል፤ ትናንት ሰሊን ለመገሠጽ ያህል ተናግረዋል።

የምታክማቸው ዶክተር ወጣት ናት፤ እማማ እያለች፣ እጃቸውን ይዛ ነው የምታናግራቸው። ሰሊ ያንተ ልጅ ናትና ጥያቄ አታቆምም። ለምን ቀኝ እጅ ብቻ ሆነ፣ ንግግራቸውስ ለምን ጠፋ፣ እግራቸውስ ለምን ተረፈ እያለች ልጅቷን ነዘነዘቻት። ዶክተሯም ሳትሰለች አንጎልን እንደ ሚዛን ከተማ አስቢው አለቻት። ውኃው ለሁሉም ሰፈር በአንድ ቧንቧ አይሄድም፤ አንዱ መስመር ሲዘጋ የትኛው ሰፈር እንደተጠማ አይተሽ የትኛው ቧንቧ እንደተዘጋ ታውቂያለሽ። እትዬ ዘነቡ የተዘጋባቸው በግራ በኩል ያለው መሀለኛው ትልቁ ደም ሥር ነው፤ የፊትንና የእጅን ቀኝ ጎን፣ ለብዙ ሰው ደግሞ ንግግርን የሚያጠጣው እሱ ነው። ውኃ ሲጠፋ የየትኛው ሰፈር ሴት ጀሪካን ይዛ እንደምትወጣ ለእኔ ልትነግረኝ ነው እንዴ ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

አጠገባችን ካለው አልጋ ላይ ከማጂ የመጡ አንድ ሰውዬ ተኝተዋል። አፋቸው ደህና ነው፣ እጃቸው ደህና ነው፤ አንድ እግራቸው ግን አልታዘዝ ብሏቸዋል። እሳቸውም ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ሲያዩ ይውላሉ፤ ብሉ ካልተባሉ አይበሉም፣ ተናገሩ ካልተባሉ አይናገሩም። ልጃቸው አባቴ እንዲህ አልነበረም፣ እንዲያው ሰነፈብኝ እያለ በሰው ፊት ይሳቀቃል። ዶክተሯ የእሳቸው የፊተኛው ደም ሥር ነው አለችን። እግርንም፣ ተነሥቶ ልሥራ የሚያሰኘውንም ነገር የሚመግበው እሱ ነው፤ ስለዚህ ስንፍና አይደለም፣ ሕመሙ ነው አለችው ልጁን። ልጁ ይህን ሲሰማ አባቱን ዞር ብሎ አያቸው። እኔ እንግዲህ ያን ጊዜ ለሰው ልጅ ነበር ያዘንኩት።

ከዚያ ዶክተሯ ልትሄድ ብድግ እያለች አንድ ነገር ጨመረች። የሚያሳዝነው አንዳንዱ ምንም ሳይሰልል መምጣቱ ነው አለች። የኋለኛው ደም ሥር ሲዘጋ አፍም እጅም እግርም ደህና ይሆኑና ሰውየው የሚያየውን ነገር ግማሹን ያጣል። የተዘጋው የቀኙ ከሆነ በግራው ያለ ነገር ሁሉ ይጠፋበታል። ዓይኑ አልታመመም፣ አንጎሉ ነው የማያየው። ብዙዎቹ ግማሹ እንደጠፋባቸው ራሳቸው አያውቁትም፤ መነጽሬ ቆሸሸ፣ ሰው ገፋኝ፣ በሩ ጠበበ ሲሉ ነው የምትሰሚያቸው አለች።

መነጽር አለች።

አሴ፣ መነጽርህን በሸሚዝህ ጫፍ ስትጠርግ ፊቴ ላይ መጣህ። ያን ሰሞን የአቮካዶው ቅርንጫፍ ጣሪያውን እየደበደበ አላስተኛን ሲል ሳላማክርህ አስቆረጥኩት። ጮህክብኝ፣ ጮህኩብህ። ይሄ የኛ ቤት ወግ ነው፤ ሲመሽ ያልፋል። በማግስቱ ግን ማጅራቴን ፈለጠኝ ብለህ ተኝተህ ዋልክ፤ ስትነሣም ሌላ ሰው ሆነህ ተነሣህ። መነጽርህን ትጠርጋለህ፣ ታጠልቃለህ፣ መልሰህ ትጠርጋለህ። ከአዟሪ ሌላ ገዛህ፣ እሱንም ትጠርገዋለህ። በር ስታልፍ ግራ ትከሻህ መቃኑን ይመታል። እኔ እልኩ ነው አልኩ፤ በሩን እኔ ያሠራሁት ይመስል።

ከተጋባን ጀምሮ ገበታ ላይ የምቀመጠው በግራህ ነው። ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ የመጀመሪያው ጉርሻ የኔ፣ የመጨረሻው ያንተ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን የትሪውን ቀኝ ግማሽ ጠርገህ በልተህ ግራውን እንዳለ ትተህ ትነሣ ጀመር። መሀሉ ላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ነበር። ድርሻሽ ይኸውልሽ፣ ከእንግዲህ አብሬሽ አልበላም ያልከኝ መሰለኝ። ጉርሻውም ቀረ። ገበያ መሀል በግራህ በኩል መጥቼ ተላለፍን፤ ዘጋኸኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ ታውቀኛለህ። እሱ ካልጀመረ አልጀምርም ብዬ አፌን ዘጋሁ፤ ትሪውን በግራህ በኩል ሳቀርብልህም ሳነሣም ቃል አልተነፈስኩም፤ ማታም ለብቻዬ እተኛ ጀመር። በዚያ ላይ ለጎረቤት ብርቄ አሁን አሁን ቤት አትገኝም ብለሃል ተብሎ መጣልኝ። ቀኑን ሙሉ እቤቱ እያለሁ ስሜን ያጠፋል ብዬ አረርኩ። ታሪኩ ደግሞ ጋሼ ቡናው የሚሰጣበትን የማድረቂያውን አልጋ ቀኝ ቀኙን ብቻ ለቅመው ግራውን ከነብልሹ ፍሬው ይተዉታል፣ ምን ነክቷቸው ነው ሲለኝ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው አልኩት። ሌላ ቦታ የት እንደሆነ ራሴው ፈልስፌ ጨርሼ ነበር።

እንግዲህ ሽማግሌ ጠራሁ። ባልና ሚስት ሲኳረፉ የሚደረገው ይሄው ነው፤ ከዚህ ሌላ ምን መንገድ አለ። ያስተማሩህ መምህር ጋሽ ደሳለኝና ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ከድር የሰርጋችንም ሽማግሌዎች ስለነበሩ እነሱኑ አስመጣሁ። እሑድ ረፋድ ላይ መጡ። ጋሽ ደሳለኝ በቀኝህ በኩል ሲመጡ ተነሥተህ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አልክ። ሐጂ ከድር በግራህ መጥተው እጃቸውን ዘረጉልህ፤ አንተ ግን ተመልሰህ ተቀመጥክ። የሐጂ እጅ አየር ላይ ቀረ። ጉሮሯቸውን ጠርገው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁትን እፍረት አልረሳውም።

እኔን እንደ ወጉ በግራህ አስቀመጡኝ። እንደ ወጉም ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ አንገቴን ደፋሁ፤ ተናገሪ እስክባል ዝም አልኩ። ጋሽ ደሳለኝ ረጅሙን ምርቃታቸውን መርቀው ሲያበቁ በል ልጄ ምን አጣላችሁ አሉህ። አንተ መነጽርህን ጠረግክ። በቀኝህ ያለውን ባዶ ወንበር አየህ፣ ቀጥለህ ወደ በሩ አየህ። ከዚያ ብርቄ የት አለች፣ እሷ በሌለችበት ከማን ጋር ልታስታርቁኝ ነው አልክ።

አሴ፣ አጠገብህ ነበርኩ። እጅህን ብትዘረጋ ጉልበቴ ላይ ያርፍ ነበር።

ሐጂ ከድር አስተግፊሩላህ ብለው ተነሡ። ጋሽ ደሳለኝ ባርኔጣቸውን አነሡ። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ጓዳው በግራ በኩል ነው፣ ስሄድም አላየኸኝም ማለት ነው። ጋሽ ደሳለኝ በጓሮ በር መጥተው፣ አጠገቡ የተቀመጠች ሚስቱን የለችም ያለ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ይላል፣ በአፉ ፈትቶሻል፣ ለራስሽ እወቂ ልጄ ብለውኝ ሄዱ። አንተ ሳሎን ቁጭ ብለህ ምን አጠፋሁ፣ ምን አልኩ ስትል ይሰማኛል። ሲያላግጥ ነው አልኩ። አልወጣሁልህም።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየህም። ማድረቂያው ላይ እንዳለህ ምድር ዞረብኝ ብለህ የቡናውን አልጋ ተደገፍክ፤ አስመለሰህ፤ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገድክ። ታሪኩን ሁለት ሆነህ ትታየኛለህ አልከው፤ እሱም ቀልድ መስሎት ደመወዜም ሁለት ይሁን ብሎህ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያን ባላልኩ ይላል። ጠጥቶ ነው ያለ ሰው አለ፣ ምግብ መርዞት ነው ያለ አለ። እኔ ወባ ነው አልኩ፤ እዚህ አገር ሁሉ ነገር ወባ ነው። ክሊኒክ ስናደርስህ የተሰጠህን ውኃ መዋጥ አቃተህ፤ ቀጥሎ ዓይንህን ከደንክ፤ በዚያው አልነቃህም። አፍህ አልተጣመመም። እጅህ አልሰለለም። ስለዚህ ስትሮክ ያለ ሰው አንድም አልነበረም።

ይህን ሁሉ ለዶክተሯ በቆመችበት ነገርኳት። መጀመሪያ ልትሄድ ነበር፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትሪው ጋ ስደርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ አላየኋቸውም፣ የጭንቅላት ፎቶም አልተነሡ፣ በእርግጠኝነት ይሄ ነው ልልሽ አልችልም አለች። ግን የነገርሽኝ በሙሉ የቀኙን የኋለኛ ደም ሥር ነው የሚመስለው። በመጨረሻ የተዘጋው ደግሞ ሁለቱ የኋላ ደም ሥሮች የሚወጡበት ግንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ቀጥ ብሎ መቆምን፣ መዋጥን፣ መንቃትን የያዘው እሱ ነው አለችኝ። ከዚያ ሽማግሌ በመጣ ቀን ተናግረሽ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልተናገርኩም አልኳት። ድምፅሽን ቢሰሙ ዞር ብለው ያዩሽ ነበር ይሆናል አለች፤ ፊቴን አይታ ባላልኩት ብላ ተጸጸተች። ሰሊ ከኋላ መጥታ አቀፈችኝ። የእህትህ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ዘነቡ በደህናው እጃቸው ራሴን ዳበሱኝ፤ ያን ቀን ቃል አልነበራቸውም።

እቤት በእግሬ መጣሁ። ባጃጅ መያዝም ትዝ አላለኝም፣ ሰው ሰላም ሲለኝም አልሰማሁም። ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩና በግራ በኩል ያለውን ነገር በሙሉ ከዓይኔ ለማጥፋት ሞከርኩ፤ አይሆንልኝም፣ ዓይኔ እየሄደ ያየዋል። ግን ሳስበው ያ ወገን የኔ መቀመጫ፣ ጓዳው፣ የጓሮው በርና የሰሊ ፎቶ ናቸው። እኔ ሳኮርፍህ አንተ ግማሽ ቤት ጠፍቶብህ ነበር። ሚስትህ ጥላህ የሄደች መስሎህ፣ ትሪ የሚያቀርብልህ እጅ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቅ ነበር የምትበላው። ምን ልበልህ፣ ድንጋጤው አሁንም አልለቀቀኝም።

ሽማግሌዎቹን እንደገና ጠራኋቸው። ለማስታረቅ ሳይሆን እንዲሰሙ ነው። ሐጂ ከድር መጀመሪያ አልመጣም ብለው ነበር፤ የእጃቸው ነገር ገና ከሆዳቸው አልወጣም። ሰሊ ሄዳ እያግባባች አመጣቻቸው። ዶክተሯ ያለችውን እንዳለች ነገርኳቸው፤ የውኃውን ቧንቧም፣ የማጂውን ሰውዬም፣ ዶክተሯ እርግጠኛ አይደለሁም ማለቷንም ሳላስቀር። ሐጂ ሰምተው ሲያበቁ ያን የዘረጉትን እጃቸውን ገልብጠው አዩትና አለቀሱ። ጋሽ ደሳለኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እሱ እኮ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነን፣ ሚስቴን አምጡልኝ ነው ያለን፣ እኛ ግን አጠገቡ እያለች ተነሥተን ሄድን አሉ። ከዚያ ያልጨረስነው ሽምግልና አለብን፣ በሙት ዓመቱ እንጨርሰዋለን ብለው መረቁኝ። ሐጂም የኔን ሰላምታ አሁን ተቀብሎኛል፣ እኔም ይቅር ብዬዋለሁ አሉ።

አንተ ስለ ቃል ኪዳን ረጅም ነገር አትወድም፤ ስለዚህ አሳጥረዋለሁ። ሱቄ ለሚመጣው ሰው ሁሉ አንተን እያነሣሁ እነግራለሁ። ባልሽ የሳህኑን ግማሽ ከተወ፣ መቃን ከመታ፣ መነጽሩን አሥር ጊዜ ከጠረገ፣ ሽማግሌ ሳይሆን ሐኪም ጥሪ፣ አፉ እስኪጣመም አትጠብቂ እላታለሁ። ኮረሪማ ልትገዛ የመጣች ሴት ታሪክህን ይዛ ትመለሳለች። ታሪኩም ከማድረቂያው ሠራተኛ አንዱ ራሴን አዞረኝ ሲል ሥራ ያስቆማል። አንተን የማስታውሰው እንዲህ ነው፤ በሻማ ብቻ አይደለም።

ለሙት ዓመትህ ወንበርህን እናወጣዋለን። እኔ ከእንግዲህ የምቀመጠው በቀኙ ነው ብዬ ነበር፤ ሰሊ ግን እማዬ ቦታሽን ምን አስለቀቀሽ አለችኝ። እውነቷን ነው። የምለውጠው ቦታዬን ሳይሆን ዝምታዬን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ መቃብርህ ጋ ስምህን ሳልጠራ ተመላልሻለሁ፤ ከአሁን ወዲያ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጀምሬ አሴ፣ አሴ እያልኩ ነው የምመጣው፤ ሰው አበደች ቢል ይበል። ድምፄን ሰምተህ በየት በኩል እንደመጣሁ እንድታውቅ ነው።

ብርቄ የት አለች ብለህ ነበር። መልሱን ይኸው ዓመት አዘግይቼ ልስጥህ። አለሁ፣ አሴ። በግራህ ነኝ።

ብርቄ